የጋሽ ቀስበቀስ ፍሬን

ይድረስ ለታላቄና ለመከታዬ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ጎንበስ ብለህ ጎማ ስትፈታ የሚይዝህ ያ ውጋት ለቀቀህ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈህ ነው የምትነሳው? የአባባ ሳል ክረምቱን እንዴት አደረገው? እትዬስ ዓይኗን ታየች? መንትዮቹን አሁንም እያምታታችሁ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላውን “ይማርህ” ትላላችሁ? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ስለ ቀረው ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት።

ሁለት ወር ሙሉ ድምፄ በመጥፋቱ እንደተቀየምከኝ አውቃለሁ። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትለኝም ይሆናል። በስልክ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ገና “ወንድም ጋሼ” ስል ስልኩን ከአፌ አርቀዋለሁ፤ አንተ “መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ” ትላለህ፤ እኔም “አዎ፣ መስመሩ ነው” ብዬ እዘጋዋለሁ። መስመሩ አልነበረም። ወረቀት እስክጨርስ ዝም ብሎ ይሰማኛል። አንተም እስከ መጨረሻው ሳታነብ አትፍረድብኝ።

ስለ እሁድ ጓደኞቼ ከዚህ በፊት ጽፌልህ ነበር። አራት ነበርን፤ ነርሷ፣ የአውቶብስ ሾፌሩ፣ ግንበኛው እና እኔ ጠጋኙ። እሁድ ጠዋት ከከተማው ወጥተን ተራራ በብስክሌት እንወጣለን። ሲያዩን ለብስክሌቱ የምንሄድ እንመስላለን እንጂ ነገሩ ለወሬው ነው። ዳገቱን እያለከለክን እንወጣና አናቱ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። እኔ የአንዱን ሰንሰለት፣ የሌላውን ጎማ እየነካካሁ፣ ሳምንቱን ሙሉ አፋችን ውስጥ ታስሮ የከረመውን አማርኛ እንፈታዋለን። ሾፌሩ ስለ ማርሹ ሲያማርር ይጀምርና ስለ አከራዩ ይጨርሳል። ነርሷ የተነፈሰ ጎማዋን ይዛ መጥታ ስለ እናቷ ታወራለች። ብስክሌት ጥገናና የሰው አገር ኑሮ አንድ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ግንበኛውን “ጋሽ ቀስበቀስ” እንለው ነበር። ዕድሜው ስድሳን ሊነካ ነው፤ ግን “አንቱ ስትሉኝ ጉልበቴ ይዝላል፤ አንተ በሉኝና ዳገቱን ልውጣ” ብሎ አንቱታውን ከለከለን። ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሰው እሱ ነው። ቆመን ስንጠብቀው ከታች “ቀስ በቀስ ነው፤ ዳገቱ የት ይሄድብኛል” እያለ ይመጣል። ሃያ ሁለት ዓመት አገሩ አልገባም። መጀመሪያ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም፤ ወረቀቱ ሲመጣ ሥራው አለቀቀው፤ ኋላ ደግሞ አፈረ። “ሰው በጣም ከቆየ እኮ መመለስ ከመሰደድ ይከብዳል” ይለን ነበር። ዘንድሮ ግን ቆረጠ። የአውሮፕላን ትኬቱን ደረት ኪሱ ይዞ እንደ ልጅ ፎቶ እያወጣ ያሳየን ነበር። ብስክሌቱንም ይዞ ሊገባ አስቦ፣ እኔ ፈትቼ በካርቶን ላሽግለት ቃል ገብቼለት ነበር።

የመስከረም የመጨረሻው እሁድ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ መሬቱ አልደረቀም። አናቱ ላይ ስንደርስ ጋሽ ቀስበቀስ የኋላ ፍሬኑን ጨበጥ አደረገና “ይኼ ነገር እጄ ላይ እንደ ቅቤ ቀለጠብኝ” አለኝ። ሽቦው ላልቶ ነው። አንተ ያስተማርከኝ ሥራ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው። ብሎኑን ፈታ አደረግኩ፤ ሽቦውን በጉጠት ሳብኩ፤ ብሎኑን አጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚቀር ላንተ አልነግርህም። ፍሬኑን አሥር ጊዜ በኃይል መጨበጥ፤ ሽቦው ተዘርግቶ ቦታውን ሲይዝ ብሎኑን እንደገና ማጥበቅ። “የመጀመሪያው ለዓይን ነው፤ ሁለተኛው ለነፍስ ነው” እያልክ ስንቴ እጄን መትተሃል።

በመሀል ወሬው ደራ። ሾፌሩ “የሰው አገር የሰው ጫማ ነው፤ ቢያምርም አንድ ቦታ ይነክስሃል” አለ። ነርሷ “አንድ ቦታ ብቻ ከሆነማ አንተ ልክህን አግኝተሃል” አለችው። ያኔ ጋሽ ቀስበቀስ ስለ እናቱ ጀመረ። “እናቴ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ግንብ ላይ ያለሁ ይመስላታል። በደወልኩ ቁጥር ‘ያን ግንብ ገና አልጨረስከውም?’ ነው የምትለኝ። ‘እማዬ፣ ቀስ በቀስ ነው’ ስላት ባለፈው ምን አለችኝ መሰላችሁ? ‘አንተን የቀጠረህ ሰውዬ ልጁን ሊድርበት ነበር ቤቱን ያሠራው፤ ይኸው የልጅ ልጁም አግብቶ ወለደ!’” አለ። እኔ መፍቻውን እንደያዝኩ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። እንባዬን ጠረግኩ። መፍቻውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። “ጨረስክ?” አለኝ። “ጨረስኩ፤ አሁን እንደ አዲስ ነው” አልኩት።

ስንወርድ ሾፌሩ ፊት፣ ነርሷ ቀጥላ፣ እኔ ሦስተኛ ነበርኩ። ጩኸት አልሰማሁም። ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ተመልሼ ስሮጥ መታጠፊያውን ስቶ ከታች ካለው ቋጥኝ ጋር ተላትሞ አገኘሁት። ነርሷ በተቀመጠችበት እየተንሸራተተች ወርዳ አንገቱን በሁለት እጇ ይዛ “ማንም እንዳይነካው!” አለች። ሾፌሩ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ፍለጋ ሽቅብ ሮጠ። እኔስ ምን እየሠራሁ ነበር? አንድ ጫማው ወልቆ ነበር፤ እሱን አንስቼ ጭቃውን እጠርግለት ነበር።

አራት ቀን ነርሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ተኛ። አልነቃም። እሷ ተረኛ ባትሆንም እየገባች እጁን ታጥብለት ነበር። በጥፍሮቹ ሥር የገባውን ሲሚንቶ በጥጥ ስታወጣ ቆይታ፣ “አይለቅም እኮ፤ ቆዳው ሆኗል” አለችኝና ፊቷን አዞረች። ሐሙስ ጠዋት አረፈ። አስከሬኑ በሳምንቱ ተላከ። ሾፌሩ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሸኘው፤ እኔ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሊገባ ያሰበበት ቀን ገና አሥር ቀን ይቀረው ነበር።

ፖሊሶቹ እርጥብ ጠጠር ነው ብለው ጻፉ። ጓደኞቼም እንደዚያው አሉ፤ እኔም አብሬ “ጠጠሩ ነው” እል ነበር። ብስክሌቱን ወደምሠራበት ጋራዥ አምጥተው ከኋላ ክፍል አቆሙልኝ። አሮጌ መጋረጃ ጣልኩበትና አሥራ አንድ ቀን በአጠገቡ አለፍኩ። የውስጥ ጎማ ላመጣ ስገባ እንኳ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው። አሠሪዬ ጥሩ ሴት ናት፤ በመጨረሻ ግን “ወይ ሥራው፣ ወይ አውጣው፤ ቦታ ይዟል” አለችኝ።

በማግስቱ ለምሳ ስትወጣ በሩን ዘጋሁና መጋረጃውን ገለጥኩት። የኋላውን ፍሬን ጨበጥኩ። መያዣው ምንም ሳይዝ እስከ መሪው ድረስ ሄደ። ሽቦው ካሰርኩበት ቦታ አንድ የጣት አንጓ ያህል ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ ብሎኑ መጀመሪያ የነከሰበት ቦታ እንደ ጥርስ ምልክት ያብለጨልጫል። ያልደረቀ ቀለም ፈርቶ እንደሚነካ ሰው ብሎኑን በጣቴ ጫፍ ነካሁት። ያለ መፍቻ፣ በጣቴ ዞረ።

ሲሚንቶው ወለል ላይ ተቀመጥኩ። አሠሪዬ ተመልሳ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ አልተነሳሁም።

መጀመሪያ ለሾፌሩ ነገርኩት። ተቆጣኝ። “ማን ጠየቀህ? እሱ እንደሆነ አይመለስ፤ አንተ በቁምህ ልትቀበር ነው? ዋጣት ይህችን ነገር” አለኝ። ክፋት የለውም፤ ለእኔ ፈርቶ ነው። ነርሷ ግን ብዙ ካለቀሰች በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ “የፊተኛው ፍሬን ደህና ነበር፤ ጠጠሩም እርጥብ ነበር። የኋላው ቢይዝለት ይተርፍ ነበር ወይ? እሱን አንተም፣ እኔም፣ ሐኪሙም አናውቅም። የምታውቀውን ተናገር፤ የማታውቀውን አትጨምርበት። መናገር ያለብህ ግን ለእኔ አይደለም።”

ታናሽ እህት አለችው፤ አስተማሪ ናት፣ እናታቸውን የምትጦረው እሷ ናት። ቁጥሯን ከሾፌሩ ወስጄ ቅዳሜ ቀትር ላይ ደወልኩላት። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳደረግኩና ምን እንዳላደረግኩ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። በወዲያ በኩል ቧንቧ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር፤ ቧንቧውን ዘጋችው። “አውቀህ ነው?” አለችኝ። “የለም” አልኳት። “ቸኩለህ ነው?” “አይደለም፤ እየሳቅኩ ነበር።” “በምን?” አለችኝ። ምን ልበላት? የእናታቸውን ነገር፣ ያን የማያልቅ ግንብ ነገርኳት። የሆነ ድምፅ አወጣች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ስልኩን ዘጋችው።

ዘጠኝ ቀን አልደወለችም። በነዚያ ቀናት እጄ ላይ የገባውን ብስክሌት ሁሉ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አጠብቅ ጀመር። ደንበኛ ከፊቴ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አንዱን የልጅ ብስክሌት ከሰጠሁ በኋላ መንገድ ድረስ ተከትዬ ሮጬ አስቁሜ እንደገና ነካካሁት፤ እናትየዋ ያበድኩ መስሏት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። እሁድ እሁድም አልወጣንም። ሾፌሩ ብስክሌቱን ሸጦታል። ነርሷን መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ አየሩ እናወራለን።

በአሥረኛው ቀን እህትየዋ ራሷ ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመች። “ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም፤ ገና አላልኩም። ግን እናቴ ‘ልጄ በመጨረሻ ከማን ጋር ነበር? ምን ይል ነበር?’ እያለች እህል አልቀምስ ብላለች። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ ለማጽናናት የፈጠርኩት ይመስላታል። አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ። መጥተህ አንተ ንገራት” አለችኝ። “ሁሉንም ነው የምነግራት?” አልኳት። “ግማሹን ልትነግራት ከሆነ አትምጣ” አለችኝ።

እና ወንድም ጋሼ፣ ልመጣ ነው። አሠሪዬ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሰጥታኛለች፤ ታኅሣሥ ሃያ ቀን እገባለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ የመምጣቴን ነገር ሳስበው በእልልታ ነበር፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አትቀየመኝና መጀመሪያ ወደ ቤት አልመጣም። እነሱ ደጃፍ ሳልቆም የእናንተን ደጃፍ መርገጥ እግሬ እሺ አይለኝም። የእነሱ ቤት ከአውሮፕላን ማረፊያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እንድትከተለኝ እለምንሃለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንድትከላከልልኝ አይደለም። ግን አንተ ታላቅ ነህ፣ ቃል ታውቃለህ፤ የእኔ አፍ እዚያ ሲደርስ ይታሰርብኝ ይሆናል። ካባረሩኝም አብሮኝ የሚወጣ ሰው እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልጽፈው ብቀር ይቆጨኛል። ያን ቀን እጄን የያዘው ወሬው አልነበረም ለማለት ሞክሬያለሁ፤ ብርዱ ነው፣ መቸኮላችን ነው ብያለሁ። ውሸት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር። በዚህ ሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ከልቤ ስቄ አላውቅም።

አባባን ጉልበቱን ሳምልኝ። ነገሩን ትነግረው እንደሆነ ከሳሉ አረፍ ሲል ይሁን፤ አለዚያ በእግሩም ቢሆን ልከተልህ ይልሃል። እትዬን ዓይኗን ሳታሳይ ካገኘኋት እንደማልላቀቃት ንገርልኝ። መንትዮቹን፣ የቱ የቱ እንደሆነ ባታውቅም፣ ሁለቱንም እኩል ሳምልኝ። ትልቋን ልጅህን ደብዳቤዋ እንደደረሰኝ፣ ጽሕፈቷም ከእኔ እንደሚበልጥ ንገራት። አክስታችንን ጸሎቷ እንዳይለየኝ በልልኝ፤ በምን ምክንያት ብላ ብትጠይቅህ ለመንገደኛ ነው በላት።

መልስህን በረጅሙ አትጻፈው። “አለሁ” ወይም “የለሁም” በለኝ፤ ይበቃኛል። የለሁም ብትለኝም እሄዳለሁ።

ታናሽህ

ከሰው አገር፣ ኅዳር ፳፫ ቀን