ያልለመንኩት መርፌ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፦

ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እናንተ ያላችሁበት ቱምም እኔ እንደተኛሁበት እንደ አማን ከተማ ዝናቡ አላባራ ብሎ ይሆናል። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ስልክ ላይ ድምፄ እየከዳኝ ስላስለቀስኩሽ መጻፉን መረጥኩ።

ሆዴን ኦፕራሲዮን ከተደረግኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፍቶብኝ ነበር። በጎኔ ስተኛ ስፌቱ ይጎትተኛል፤ በጀርባዬ ስሆን ወገቤ ይቃጠላል። ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ደግሞ ሳል ይመጣል፤ ያኔ ሆዴ እንደገና የተቀደደ ይመስለኛል። አጠገቤ ባለው አልጋ የተኛችው፣ ንጋቷ የምትባል ሴት፣ ትርፍ አንጀቷን ነበር ያወጡላት። መጀመሪያ አብረን ስናቃስት ከረምን፤ ኋላ እሷ ማንኮራፋት ጀመረች። ሰው በማንኮራፋት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። አሁን ድና፣ ቡናዋ ሳይረግፍባት ልትለቅመው ወደ ቴፒ ሄዳለች።

አጸደ የምትባል ነርስ አለች። ማስታገሻ መርፌውን ጨምሪልኝ ብዬ ስለምናት፣ «የኔ እናት፣ ሰዓቱ አልደረሰም፤ ከለመድሽው ያስቸግርሻል» ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜማ ተናድጄ ሰድቤያታለሁ።

በቀደም ሐኪሙ ባምላኩን ለብቻው ጠርቶ አነጋገረው። ባሌ ፊቱን ታጥቦ ነው የተመለሰው፤ የሸሚዙ አንገትጌ ረጥቧል። ምን አሉህ? ስለው፣ «ወደ ቤትሽ ሂጂ ብለውሻል» አለኝ። ስፌቱ ሳይደርቅ? አልኩት፤ ልብሴን ያጣጥፍ ጀመር። ቀጠሮስ መቼ ነው? አልኩት። «ቀጠሮ አያስፈልግም አሉ» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከዚያ ወዲህ አጸደ ሳልጠራት መርፌውን ይዛ ትመጣለች። ሰዓትም አታይ። ከለመድሽው ያስቸግርሻል ትዪኝ አልነበር? ስላት ፀጉሬን ዳበስ አድርጋ፣ «አሁን ተኚ» አለችኝ። ምግብም ቢሆን ያማረሽን ብዪ ተብያለሁ።

እና ተኛሁ፣ እታለም። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ስነቃ ግን ደስ አላለኝም። ባምላኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትንፋሼን ሲያዳምጥ አገኘሁት። ምንም አልጠየቅኩትም፤ እሱም የደበቀኝን እንዳወቅኩ አያውቅም።

ነገ ወደ ቤታችን፣ ወደ ሚዛን ከተማ እንሄዳለን። ባምላኩ ኮረኮንቹ እንዳይጎዳኝ ብሎ ቀስ ብሎ ከሚነዳ ባለ ባጃጅ ጋር ተስማምቷል።

ልጄን ሳባን እስክድን ብዬ ነበር አንቺ ዘንድ የላክኋት። አሁን ትምህርት ቤትም እዚያው አስገቢያት። ፀጉሯን ስትሠሪያት አታጥብቂባት፤ ያማታል፣ ግን አትናገርም። አንቺን እናቴ ብላ ከጠራችሽ እሺ በያት፤ እኔ አልቀየምም።

እግዚአብሔር ጤናውን አብዝቶ ይስጥሽ፤ ዕድሜሽን ለልጆቻችን ያርዝመው።

ታናሽሽ