ከምላሴ ሥር ያለው ክር

ይድረስ ለልጄ ለዋሂዳ። አላህ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁንልሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። እዚህ ዐረብ አገር፣ በሳቲን ሰፈር መብራት ከጠፋ አራት ቀኑ ነው፤ ሙቀቱ አያስቀምጥም።

ስልክሽን ያላነሳሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ከምላሴ ሥር የወይን ፍሬ የሚያህል እብጠት ወጥቶ ያኮላትፈኛል፤ ሰምተሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ሐኪሟ አይታ በዐረብኛ «ዲፍደዓ ነው» አለችኝ። እንቁራሪት! ከበርሜል የጠጣሁት ውሃ ትዝ አለኝና ልተፋ ተነሳሁ። ሴትዮዋ ሳቀች። ለካ የምራቅ መውረጃ ተደፍኖ ሲያብጥ ስሙ እንደዚያ ኖሯል። ምላጭም አላነሳች፤ አደንዝዛ በእብጠቱ ውስጥ ክር አሳልፋ ቋጠረችው። የታቆረው ምራቅ በክሩ ዳር ይወጣል፣ እብጠቱም ይሟሽሻል አለች። ክሩን ሰኞ ታወጣዋለች፣ ኢንሻአላህ። እስከዚያ ምላሴ እሱን መነካካት አልተወም። ጎረቤቴ ፋጢ «አንቺ ሴት፣ እረፊ!» ትለኛለች። እንዴት ብዬ ልረፍ?

ያ ያምሽ የነበረው ጥርስሽስ? ጅዳ ሐኪም አይጠፋም፤ እንደ እናትሽ አትደብቂ።

አላህ ክፉሽን አያሰማኝ። ጁምዓ ደውይልኝ፣ አነሳዋለሁ። እኔ መናገሩ ባይሆንልኝም አንቺ አውሪልኝ፤ ይህን ክር የምረሳው ያኔ ብቻ ነው።

እናትሽ