በአንድ ዐይን የተሣለው ፊቴ

ሰኞ

ይህን ማስታወሻ መጻፍ የጀመርሁት የልጅ ልጄን ፍሬሕይወትን ትናንት ስላስለቀስኋት፣ ማስለቀሴም ተገቢ መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ለመመርመር ነው።

ፍሬሕይወት አዲስ አበባ ሥዕል ስትማር ቆይታ፣ በተማሪዎች ልውውጥ ለስድስት ወር ጀርመን አገር ሄዳለች። ትናንት የማጠቃለያ ሥራዋን በስልክ ላከችልኝ። የሣለችው እኔን ነው። ጋቢዬ አለ። መነጽሬ አለ። መጽሐፌም በእጄ ነው። ፊቴን ግን ወደ ጎን አዙራ በአንድ ዐይን ብቻ ሣለችው!

ላሊበላ ተወልዳ ያደገች ልጅ ይህን አታውቅም? በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን ይሣላሉ። በአንድ ዐይን የሚሣሉት ይሁዳና አጋንንት ናቸው።

ወዲያው ደወልሁ። «ከይሁዳ ቈጠርሽኝ?» አልኋት። «ኧረ አባባ፣ እንዲያ አይደለም…» ብላ ማልቀስ ስትጀምር ስልኩን ዘጋሁት።

ማክሰኞ

ሁለት ጊዜ ደወለች። አላነሣሁም።

እናቷ፣ ልጄ አልማዝ፣ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሳህኑን ፊቴ አኖረችና፣ «እንግዲህ ደስ ይበልዎ አባዬ፤ ሥዕሉን ከዐውደ ርእዩ አውጥታዋለች» አለችኝ።

«ሌላ ትስቀላ!»

«ሦስት ወር የደከመችው የእርስዎን ፊት ስትሥል ነው። ሌላ ከየት ታምጣ?»

ዐውደ ርእዩ የሚከፈተው በመጪው ሰኞ ነው። ሥራ ካላቀረበች የስድስት ወሩ ትምህርት አይያዝላትም። ይህን አላውቅም ነበር። አልጠየቅሁማ።

ረቡዕ

እውነቱ ይጻፍ፦ ትክክል ነህ የሚለኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ወዳጄ መሪጌታ ጥላሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲሥሉ የኖሩ ናቸው። ቀለም እየበጠበጡ አገኘኋቸው። ሥዕሉን በስልኬ አይተው ሣቁ።

«መምህር፣ ሥርዓቱን አልሳቱም። እኔ ግን ይሁዳን በመነጽር ሥዬ አላውቅም!»

እኔ አልሣቅሁም። እርሳቸውም ሣቃቸውን ተዉ።

«ለመሆኑ ፎቶ ሲነሡ የሚሰጡት የትኛውን ጎን ነው?»

«ቀኙን።»

«ልጅቱስ የሣለችው?»

ስልኩን መልሼ አየሁት፤ ቀኙን ነው። ግራ ዐይኔ ነጭ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ሰው እንዳያየው ጎኔን ሰጥቼ እቀመጣለሁ። ማንም ያወቀብኝ አይመስለኝም ነበር። ፍሬሕይወት ግን ስናነብ ሁልጊዜ በቀኜ ነበር የምትቀመጠው። እኔ ለብርሃኑ ብላ ነው ብዬ ነበር።

መሪጌታ ብሩሻቸውን አነሡ። «ገመናዎን ሸፈነችልዎ፤ እርስዎ ጮኹባት» አሉኝ።

ሐሙስ

ደወልሁ። አላነሣችም። ይገባኛል።

ደብዳቤ ጀመርሁ። የመጀመሪያው ምክር ሆነ፤ ቀደድሁት። ሁለተኛው ስለ ሥዕል ሥርዓት ማብራሪያ ሆነ፤ እሱንም ቀደድሁት። አርባ ዓመት የሰው ጽሑፍ ያረምሁ ሰው አንድ የይቅርታ ገጽ አቃተኝ። ሦስተኛውን አልማዝ ፎቶ አንሥታ ላከችላት። ግልባጩ ይኸው፦

«ልጄ ፍሬሕይወት፤

ጥፋቱ የእኔ ነው። ‹ነገር ግን› ብዬ የምጨምረው የለኝም። ምን እንደ ሸፈንሽልኝ ዘግይቶ ገብቶኛል። ሥዕሉን እንደ ሣልሽው መልሰሽ ስቀዪው። ፊት ለፊት ልትሥዪኝ ከወደድሽም ነጩን ዐይኔን ነጭ አድርገሽ ሣዪው፤ አልደበቅም።

መስቀል አለመስቀልሽን እስከ ቅዳሜ ድረስ በጽሑፍ አሳውቂኝ። በስልክ ከሆነ እንደ ልማዴ አቋርጥሽ ይሆናል። ጽሑፍሽን ግን እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

አያትሽ»