የአቶ ላቴቦ ግብዣ

ሰኞ

ዛሬም ሳንወስን ተበተንን። ተማሪዎቹ ለዓርብ አቶ ላቴቦ ኮሌጃችን መጥተው እንዲናገሩ ጠይቀዋል። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሕፃናት ከአንደኛ ክፍል ጀምረው በአማርኛ ይማሩ፣ ሀዲይኛው ወደኋላ አስቀርቷቸዋል ይላሉ። ግማሹ የሆሳዕና ከተማ ሰው ስማቸውን መስማት አይፈልግም። ተጋባዥ የምንመርጠው የኮሚቴ አባላት አምስት ነን፤ ሁለቱ ይምጡ፣ ሁለቱ አይምጡ አሉ። የቀረሁት እኔ። ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ፈሪ።

ማክሰኞ

ለባለቤቴ ነገርኩት። ታምራት የሀዲይኛ መማሪያ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ስድስት ዓመት የደከመ ሰው ነው።

«አንቺስ በሐሳባቸው ትስማሚያለሽ?» አለኝ።

አልስማማም። ተሳስተዋል ነው የምለው። ታዲያ ምን አስጨነቀሽ አለና እራቱን ትቶ ተነሳ። እኔ የማልወደውን ሰው ሁሉ ካስቀረሁባቸው ተማሪዎቼን ምን አስተማርኳቸው? ይህ መልስ የመጣልኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ረቡዕ

ይጋበዙ አልኩ። ሦስት ለሁለት። ደስታዬ እስከ ምሳ ሰዓት አልቆየም። የኮሌጁ ዲን አስጠርተውኝ፣ ንግግራቸውን አስቀድመው በጽሑፍ ካላስገቡ አዳራሽ የለም አሉኝ። ባለፈው የመጣው ባለሀብት ይህን አልተጠየቀም ብላቸው፣ እሱ ሰው አያጣላም አሉ።

ሐሙስ

አቶ ላቴቦ የሚኖሩበት ሆመቾ ደርሼ መጣሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያ ተጎልቼ አረፈድኩ። አቶ ላቴቦ እንሰታቸውን ሲኮተኩቱ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም፣ አሁንም አልለምድም አሉ። ተናድጄ በቀጥታ ወደ ዲኑ ቢሮ። የከለከሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡን አልኳቸው። እሳቸውም መጻፍ አልፈለጉም!

«ይሁን፤ ኃላፊነቱን ግን አንቺ ትወስጃለሽ» አሉ።

ቅዳሜ

ትናንት አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የሰሙ ነበሩ። የጮኹም፣ ጥለው የወጡም አሉ። ታምራት ሳይነግረኝ መጥቷል። እጁን አነሳ።

«ልጄ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ባትጀምር ኖሮ ማንበብ ትጠላ ነበር» አላቸው።

አቶ ላቴቦ ወደ እሱ ዞሩ።

«የእኔ ተማሪዎች ደግሞ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደው አፋቸው ተያዘ። አንተም እኔም ያየነውን ነው የምናወራው።»

አልተስማሙም። ግን ሲወጡ እየተከራከሩ አብረው ሄዱ። እኔን ረስተውኛል።

ሰኞ

ደብዳቤ ደረሰን። ከእንግዲህ ተጋባዥ የሚመርጠው የዲኑ ቢሮ ብቻ ነው፤ ኮሚቴው ፈርሷል። ጠረጴዛ መምታት አማረኝ። ታምራት ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ አቤቱታ ጻፊ፣ እኔም እፈርማለሁ አለ። የኮሌጁ ሠራተኛ አይደለም፤ ፊርማው ይቆጠር አይቆጠር እንጃ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ጽፌያለሁ።