የልብ ኪኒንና የእህት ጉልበት፦ የዶክተር በሱፍቃድ ገብረጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር በሱፍቃድ ገብረጊዮርጊስ በየካቲት ወር 1953 ዓ.ም. ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው አቶ ገብረጊዮርጊስ ሚደቅሳ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እናታቸው ወይዘሮ ወለተሰንበት በጨቅላነታቸው ስላረፉባቸው፣ አዝለው ያሳደጓቸው ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ጠጅቱ ናቸው።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው በፋርማሲ ዲግሪ፣ ከዚያም ውጭ አገር በመድኃኒት ኬሚስትሪ ዶክትሬት አገኙ። ጓደኞቻቸው እዚያው ሲቀሩ እርሳቸው በ1984 ዓ.ም. ተመለሱ። በ1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ቤርሳቤህ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ፤ ለረጅም ዓመታትም በዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

የምርምር ሥራቸው የታወቀ የልብ መድኃኒት ወስደው፣ በቤተ ሙከራ በጥቂት በጥቂቱ እየለዋወጡ፣ ልብን የማይነካ ግን እብጠትን የሚያበርድ አዲስ ውህድ መፈለግ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከውህዶቹ አንዱ የአይጦችን እግር እብጠት ቀነሰ። ደስታቸውን መያዝ አቃታቸው።

በዚያው ወር የማርያም ማኅበር ተራ ደርሷቸው ነበር። ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት «ከልብ መድኃኒት የእብጠት ማርከሻ አወጣን!» አሉ። ውህዱ ሌላ እንደሆነ፣ ሙከራውም ገና በአይጥ ላይ እንደሆነ ሳይናገሩ ጠላው ተቀዳ፣ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ኪኒን እንደ እርሾ እንዋዋሳለን። ጉልበታቸው አብጦ ሲያሠቃያቸው የቆዩት እትዬ ጠጅቱ፣ ወንድሜ ካለማ ብለው ከአንዲት የልብ ሕመምተኛ ጎረቤት ኪኒን ተቀብለው ጠዋትና ማታ ዋጡ። በሳምንቱ የልባቸው ምት ደክሞ አብነት ሰፈር ታክሲ ሲጠብቁ ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ዳሌያቸው ግን ተሰብሮ እስከ ዛሬ በክራንች ይሄዳሉ።

ዶክተር በሱፍቃድ ከዚያ ወዲህ ራሳቸውን ይቅር አላሉም። «ያዘለችኝን እህቴን በአፌ ሰበርኳት» ይሉ ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸውም «ምነው ዝም ባሉ ኖሮ!» ማለታችን አልቀረም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። የሰው ኪኒን እንዳይዋጥ በየቤቱ እየዞሩ ሲለምኑ፣ ሰዉ «ጋሽ በሱፍቃድ መጡ፣ ኪኒኑን ደብቁ!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። እትዬ ጠጅቱ «አንተ ምን አጠፋህ?» ባሏቸው ቁጥር አንገታቸውን ደፍተው ይወጡ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የእርሳቸውም ልብ ታመመ። ያው የልብ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ከእትዬ ጠጅቱ እጅ ካልሆነ አይውጡም ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና እህታቸውን ትተውልናል።

ኑዛዜያቸው አንድ ነው። ያ ማኅበር በሙሉ በሚገኝበት በዚህ በቀብራቸው ቀን እንዲነበብ አዘዋል፦ «የልብ ኪኒን ለእብጠት አይዋጥም። የእኛ ውህድ ሌላ ነው፤ እሱም በሰው ገና አልተሞከረም። ያን ቀን ይህን ሳልናገር ቀርቻለሁና ይቅር በሉኝ።»

እትዬ ጠጅቱ ይህን ሲሰሙ፣ የእኔም ቃል ከሥሩ ይጻፍ አሉ። ቃላቸው ይኸው፦ «በሱዬ፣ ለምኜ የዋጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ስልህ ቆመህ ሰምተኸኝ አታውቅም። ዛሬ መሄጃ የለህምና ስማኝ፤ አንድም ቀን አልተቀየምኩህም። እግዚአብሔር ነፍስህን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ።»