ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት

እሑድ

ዓይኔ እስኪቀላ ሽንኩርት ከትፌያለሁ። ሁለት ኪሎ። የሳምንቱን ቁሌት ዛሬ ካልጨረስኩ በየጠዋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነስቼ የማቁላላበት ጉልበት የለኝም። የፋብሪካው ሰርቪስ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በር ላይ ነው፤ ለማንም አይቆምም።

የዚህ ሳምንት ተራ የኔ ነው። ጎረቤቴ ዘይነባና እኔ የልጆቻችንን ምሳ ዕቃ እየተፈራረቅን መቋጠር ከጀመርን ዓመት ሊሞላን ነው። አንድ ሳምንት እኔ ለልጄ ለሶስናም ለልጇ ለኢክራምም እቋጥራለሁ፣ በሚቀጥለው እሷ። የምንኖረው አንድ ግቢ ነው። ሁለቱም ልጆች አምስት ዓመታቸው ነው፣ ኬጂ ውስጥ በአንድ ክፍል ይማራሉ። ሐሳቡን ያመጣችው ዘይነባ ናት፤ "ሁለታችንም በየቀኑ ከምናብድ በየተራ እንበድ" ብላ።

ሕጋችን አንድ ብቻ ነው። ሥጋ የለም። እኔ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፤ አንዳችን የአንዳችንን ሥጋ አንበላም። ስለዚህ ምሳ ዕቃው ውስጥ ሥጋ የሚባል ነገር አይገባም፣ አለቀ። አንድ ጊዜ የዘይነባ እናት ከአልዩ አምባ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ "የልጅሽን ጉሮሮ ለሰው አስረከብሽው?" አሏት። "ሙሉን እንደ ራሴ ነው የማምናት" አለቻቸው ስለኔ። እኔ ልብስ እያሰጣሁ እየሰማሁ ነበር።

ዕቅድ፦
ሰኞ ሩዝ በካሮት።
ማክሰኞ ማካሮኒ በቁሌት።
ረቡዕ ድንች አልጫ። (እኔም ጾመኛዋ እንድበላው።)
ሐሙስ እንቁላል በዳቦ።
ዓርብ እግዜር ያውቃል።

ባሌ ተሾመ ነገ ማታ ይገባል። ከአረርቲ ጤፍ የሚያመላልስ ሹፌር ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብናየው ነው። ለሱ ብዬ ግማሹን ቁሌት በሥጋ ሠራሁት፤ በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ። ችግሩ ሶስና ሥጋ ካየች ትተፋለች። ካላየች ግን ትበላለች። ባለልኳንዳውን ለምኜ ሁለቴ አስፈጨሁት፣ ከዚያ ከሽንኩርቱ ጋር ዘር ማንዘሩ እስኪጠፋ አበሰልኩት። ማንም አይለየውም። ጎበዝ ነኝ።

ሁለቱንም ቁሌት በአንድ ዓይነት የፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ መስኮቱ ላይ ደርድሬያለሁ። ፍሪጅ የለንም። የደብረ ብርሃን ብርድ በነፃ እያለ ማን ፍሪጅ ይገዛል።

ሰኞ

ሩዙ ተበላ። ካሮቱ ተመለሰ። ካሮቱን አንድ በአንድ ለቅመው ያወጡት እንዴት ባለ ትዕግሥት ነው? ይህን ትዕግሥት ለፊደል ቢያውሉት።

ተሾመ አልገባም፤ ጎማ ፈንድቶበት አረርቲ አደረ። ሥጋው ሳይነካ ቆየ።

ማክሰኞ

ጠዋት መብራት የለም። ትንሹ ልጄ ናሆም እግሬ ላይ ተጠምጥሞ ያለቅሳል፣ ሶስና አንድ ካልሲዋን አጥታለች፣ እኔ ስልኬን በአፌ ይዤ በሱ ብርሃን ቡታጋዝ ላይ ማካሮኒ እቀቅላለሁ። ከመስኮቱ ዕቃ አንስቼ ቁሌቱን ገለበጥኩበት። ሦስት ምሳ ዕቃ ሞላሁ፤ የሶስና፣ የኢክራም፣ የኔ። ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ሁለቱን ልጆች ኬጂ የምታደርሰው ዘይነባ ናት። ምሳ ዕቃዎቹን አስረክቤያት ናሆምን አዝዬ ሮጥኩ። እሱ የሚውለው ፋብሪካው ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው።

አራት ሰዓት ላይ የሻይ ዕረፍት ሲሆን ራበኝና ምሳዬን ከፈትኩ። አንድ ማንኪያ ጎረስኩ።

ሥጋ ነው።

ሌላ ማንኪያ ጨመርኩ፣ ምናልባት ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። ሥጋ ነው።

ልጆቹ ምሳ የሚበሉት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። የዘይነባ ጨርቅ መሸጫ ከኬጂው አምስት ደቂቃ አያስኬድም። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ሒሳብም ነበረው። ይህን የምጽፈው በኋላ "አልቻልኩም ነበር" ብዬ ራሴን እንዳላታልል ነው።

አልደወልኩም።

መጀመሪያ "ይህቺን እሽግ ልጨርስና" አልኩ። ሥራዬ የተሰፋ ሸሚዝ ስፌቱን ማየት ነው፤ የሰው ስህተት ስለቅም ነው የምውለው። ከዚያ "ምን ብዬ እጀምራለሁ" አልኩ። ከዚያ "ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች፣ ሥጋው እንደሆነ አይታይም" አልኩ። ይህንንም ያልኩት እኔው ነኝ። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሲሆን እፎይ ማለቴን አልክድም። ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር የለማ።

ማታ ዘይነባ ቧንቧው ጋ አገኘችኝ። "ሙልዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ጨመርሽበት? ኢክራሜ ዕቃውን ልሳ ነው የመጣችው! ወላሂ ታሳዪኛለሽ።"

"ሽንኩርቱን ቀስ ብዬ ስላቁላላሁት ነው" አልኳት።

ተሾመ ገባ። የተረፈውን በላ። እጅሽ ይባረክ አለ።

ረቡዕ

ኢክራም ድንቹን አልነካችውም። ከኬጂ እንደተመለሰች በሬ ላይ ቆማ "የትናንቱን ሥሪልኝ" አለችኝ። ፀጉሯን ዳበስኩላትና ሥራ እንዳለኝ ሁሉ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ጠዋት ተሾመ ከመሄዱ በፊት ነግሬው ነበር። መጀመሪያ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወና "ሆድ ይፍጀው በይ። ሳታውቂ ላደረግሽው ምን ያንጫጫሻል? ጎረቤት ከማጣት ዝም ማለት" አለኝ።

ለሱም የነገርኩት ግማሹን ነው። ማታ ቤት ገብቼ ዕቃውን ስከፍት አወቅኩ ነው ያልኩት። ባሌን እንኳ ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም። የማይቆጣኝን ሰው።

ሐሙስ

ይህ ቀን ባይመጣ ምን ነበረበት።

ከሥራ ስገባ ዘይነባ ሳህን ይዛ መጣች። ማካሮኒ ነው። እንዳልኳት ሽንኩርቱን ቀስ ብላ ስታቁላላ አንድ ሰዓት ሙሉ ሱቋን ዘግታ ቆይታለች፤ ኢክራም ግን አንዴ ቀምሳ "አይደለም" ብላ ገፋችባት።

"ምን አጎደልኩ? እስቲ ቅመሺልኝ።"

ቀመስኩ። ጥሩ ነበር፤ ከኔ ይሻላል።

"ነጭ ሽንኩርት ትንሽ" አልኩ።

"እኔም ጠርጥሬ ነበር!" ብላ ደስ ብሏት ሄደች። እኔ ሳህኗን ይዤ ቀረሁ። አጥቤ ራሴ ለመመለስ እንኳ አልደፈርኩም፣ በሶስና ላክሁላት።

ዓርብ

ነገርኳት።

አመሻሹ ላይ ደጇ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና የማክሰኞው ማካሮኒ ሥጋ ነበረበት አልኳት። መብራት ጠፍቶ፣ ዕቃው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ተምታቶብኝ። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። ዓይኗ ግቢው ውስጥ ወደምትዘለው ኢክራም ሄደ፣ እዚያው ቆየ።

"መቼ አወቅሽ?" አለች።

"ማታ" አልኩ። "ቤት ገብቼ ዕቃውን ስከፍት።"

ትንፋሿን ለቀቀች። "ያ ረቢ! እኔ ደግሞ ምን ልትነግሪኝ ነው ብዬ። እሷ ሕፃን፣ አንቺ ሳታውቂ። አላህ የማያውቀው ነገር አለ እንዴ? ምን ያስለቅስሻል አሁን?" በሻርፗ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝ። "ለእማዬ ብቻ እንዳታወሪ፣ ደሟ ይነሳል።" ከዚያ የሽንኩርቱ ነገር ትዝ አላትና መሳቅ ጀመረች። "አንቺ ሌባ! አንድ ሰዓት ሙሉ አቃጠልሽኝ!"

አብሬያት ሳቅሁ። ዕንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ።

ቤት ስገባ ግን ከማክሰኞውም ባሰብኝ። ይቅር ያለችኝ ላልሠራሁት ነገር ነው። የሠራሁት እዚሁ ከኔ ጋር አለ።

ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም። ናሆምን አዝዬ ሱቋ ሄድኩ። በልቤ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ፤ አንዴ በእግሬም ተመልሻለሁ፣ እስከ ባጃጅ መቆሚያው።

ጨርቅ እየለካች ነበር። ሐሳቤን እንዳልቀይር ቆሜ ነው የነገርኳት። "ዘይንዬ፣ ያወቅኩት ማታ አይደለም። አራት ሰዓት ላይ ነው። ከኔው ምሳ ቀምሼ።"

እጇ ሜትሩ ላይ ቆመ። "የሚበሉት ስንት ሰዓት ነው?"

"ስድስት።"

"ስልክ አልያዝሽም ነበር?"

"ይዣለሁ።"

ጨርቁን አጠፈች። ዘረጋች። እንደገና አጠፈች። በዚህ መሐል አንዲት ሴትዮ ገብታ የሻርፕ ዋጋ ጠየቀች። ዘይነባ ፈገግ ብላ አስተናገደቻት፣ ሦስት ቀለም አወጣችላት፣ በሰላም ግቢ ብላ ሸኘቻት። ያ ፈገግታ አሁንም ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል፤ ለሴትዮዋ የሰጠችውን ለኔ አልሰጠችኝም።

ከዚያ ድምፅዋን ሳትጨምር እንዲህ አለች፦ "ብትደውዪልኝ ሮጬ ሄጄ ዳቦ በሙዝ እሰጣት ነበር። ማታ ተሰብስበን እንስቅበት ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ሥጋውን ተዪው። ስለ ሥጋው ትናንት ጨርሰናል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ግን ልጄን እያሰብሽ ዝም አልሽ።"

ልክ ናት። እሽግ ልጨርስ ብዬ ነው ልበላት?

"በይ ሂጂ፣ ልጁን ብርድ እንዳይመታው" አለችኝ። የናሆምን ነጠላ ከጀርባዬ አስተካከለችለት። እኔን አልነካችኝም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅጥሩ ሥር ቆሜ ተመለስኩ።

ዛሬ ሽንኩርት አልከተፍኩም፤ የሚቀጥለው ሳምንት የሷ ተራ ነው። ተራ የሚባል ነገር ካለ። ጠይቄ እንዳላውቅ አፈርኩ፣ ዝም ብዬ ለሶስና እንዳልቋጥር ደግሞ ተኳረፍን ማለት ይሆንብኛል። እንቁላል ለመቀቀል ጣድኩ፣ አወረድኩ።

ወደ አሥር ሰዓት ዘይነባ ራሷ መጣች። አልገባችም፣ በሩ ላይ ቆመች።

"የሶስናን ነገ እኔ እቋጥራለሁ። እሷ ምን አጠፋች? ሁልጊዜም እቋጥርላታለሁ፣ አንቺ እንደሆነ ሰርቪስ ያመልጥሻል። የኢክራምን ግን ከእንግዲህ እኔው ልያዘው።"

"የልጄን እኔ እችላለሁ" የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ኩራት ነው። ምን የሚያኮራ ነገር ሠርቼ?

"እሺ" አልኳት። "እግዜር ይስጥልኝ።"

"አሚን" ብላ ሄደች።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ ማታ እናለቅስና ይወጣልን ነበር። እሷ ግን ልጄን ልታበላልኝ ነው።

ሰኞ

ሶስና ምሳ ዕቃዋን ባዶውን ይዛ መጣች። ምስር ሳምቡሳ ነበር አለች፣ አራት። ካሮትም ነበረው፣ በልታዋለች። ለኔ ስትሆን የምትለቅመውን ካሮት።

ጫማዋን ሳወልቅላት "ኢክራም ከአሁን በኋላ ምሳዋን አንቺ አትሠሪም አለችኝ። ለምን?" አለች።

ውሸት ተዘጋጅቶ ነበር። የእናቷ ይጣፍጣታል ልላት ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ስንት ዋሸሁ? ሰልችቶኛል።

"አንድ የማትበላውን ነገር ተሳስቼ ሰጠኋት። ቶሎ መናገር ነበረብኝ፣ ዝም አልኩ" አልኳት።

አሰበች። "አሁን ንገሪያቸዋ፣ ለእትዬ ዘይነባ።"

"ነገርኳቸው።"

"ይቅርታ አልሽ?"

"አልኩ።"

"ታዲያ?" አለችኝ።

ሁለተኛውን ጫማ ፈታሁላት። ክሩ ተቋጥሮ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ እሷም እስክመልስላት ጠበቀችኝ።