ክዳን የሌለው ቦይ

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዛሬም አርፍጄ መ/ቤት ገባሁ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ያብለጨልጫል። ጠርዙ ግን የዊልቸሬን ግማሽ ጎማ ያህላል፣ መውጫ የለውም። በአስፋልቱ ዳር መጣሁ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቤትሽ ብትቀመጪስ አለኝ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። አንዷ የቢሮ ባልደረባዬ ናት። ስቃ ስታበቃ ሰላም አለችኝ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

የመንገዱ ምረቃ። ከፊት እንድሆን ተጠርቻለሁ። አራት ወንዶች ከነዊልቸሬ አንስተው ጠርዙ ላይ አወጡኝ። ፎቶ። ጭብጨባ። ከዚያ ምሳ ተባለና ሁሉም ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ። አጠገቤ የቀረውን የመንገዱን ጥበቃ አውርደኝ ስለው ብቻዬን አልችልም አለ። እውነቱን ነው። ንፋሱ አጥንት ይበላል።

ጋሼ መኮንን ሲመጡ አየሁ። ጎረቤቴ ናቸው፤ ዓይነ ስውር፣ ጡረታ የወጡ መምህር። ከመንገዱ ማዶ ያለውን የአጥር ግንብ በዱላቸው እየነኩ ይመጣሉ። ደስ አለኝ። ጋሼ፣ እዚህ ቀረሁ፣ የሚያወርደኝ ሰው ይፈልጉልኝ ብዬ ተጣራሁ። ፈገግ አሉ፣ ግንቡን ትተው ወደ ድምፄ ታጠፉ። በመሃላችን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ክዳን አልተደረገለትም።

ይቁሙ አልኩ። ዘገየሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሆስፒታል። ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ጭንቅላታቸውም ተመትቷል። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች፣ ጋሼ ሌሊቱን ሙሉ ስምሽን ሲጠሩ አደሩ አሉኝ። አውርዷት ይሉ ነበር አሉ።

የመንገዱ ሥራ ኃላፊ ደወለ። ሊጠይቃቸው መስሎኝ። ዓይነ ስውር ሰው ብቻውን ውጣ ያለው ማነው አለኝ። ፎቶሽ ደግሞ በጣም ቆንጆ ወጥቷል አለ።

ደብተሬ፣ ለማንም አልነገርኩም። የኔ ድምፅ ነው የወሰዳቸው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ጋሼን ቀበርናቸው።

ስንመለስ ቦዩ ተከድኗል። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው። አጠገቡ መንገዱን ዘግቶ መኪና ቆሟል፤ ሹፌሩ ስልኩን ይነካካል። ከፍ ብሎ ትልቅ ሰሌዳ። እኔ ነኝ፣ እየሳቅሁ። ለሁሉም የተመቸ ከተማ ይላል። እትዬ ዘነበች ቀና ብለው አዩት። ነጠላቸውን ተከናንበው አለፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ። ማታ

ኃላፊው ደግሞ ደወለ። ሰሌዳውን አውርዱልኝ ስለው ሳቀ። ይልቅ ሐሙስ ጠዋት በሬዲዮ ስለ መንገዱ ምቾት ትናገሪልናለሽ አለ። ተቀድቶ ነው የሚተላለፈው ብዬ ጠየቅሁ። ቀጥታ ነው አለ። እሺ አልኩ። አመሰገነኝ።

እትዬ ዘነበች ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ልናገር ነው አልኳቸው። ቦዩን፣ ሰሌዳውን፣ ጋሼን ማን እንደጠራቸውም ጭምር። ይህን የመጨረሻውን ያን ጊዜ ነው የሰሙት። እጃቸውን ከእጄ ላይ አነሱ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣

«የኃላፊውን ስም ከነአባቱ ጥሪው» አሉ።

እጠራዋለሁ።